ዘጠኝ ቀን በሮማ

ጓደኞቼ «ከሮማ ተመልሰህ ዝም ትላለህ እንዴ? ያየኸውን ጻፍልን እንጂ» እያሉ ከያዙኝ ሰንብተዋል። እኔም ለመሸሽ ያህል «ፎቶግራፎቹን አሳይቻችሁ የለም ወይ» እያልኩ ቆየሁ። ፎቶግራፎቹንማ አይተዋል። ኮሎሴዮውን፣ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ፣ ፏፏቴውንና ድልድዩን አይተው «መታደል ነው!» ብለውኝ ሄደዋል። ዋናው ነገር ግን ፎቶግራፍ ውስጥ የሚገባ አልነበረምና እነሆ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

የሄድኩት በሴሚስተሩ ዕረፍት ነው፤ ወሩ የካቲት። ትኬቱን የቆረጠችልኝ የእናቴ ታላቅ እኅት ናት። አክስቴ ሮማ ከገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሥራዋ፣ እንደ ብዙዎቹ የእኛና የኤርትራ ሴቶች፣ ሽማግሌና አሮጊት መጠበቅ ነው። ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ሲጠሩ መነሣት። አሁን ካለችበት ከአንዲት ሲኞራ ቤት ከገባች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሲኞራዋ ልጅ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ «የእኅትሽ ልጅ እዚያው እናቴ ቤት ይረፍ» ብሎ ፈቀደ፤ ሆቴል የሚባል ወጪ ቀረልኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እምዬን ሳላስተዋውቃችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም። እምዬ የእናቴና የአክስቴ እናት ናት። የተወለደችው ተጉለት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ ነው። አባቷ በጥቅምት ወር ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በየካቲት አምባ አራዳም ላይ ቀረ። አባትና ልጅ አልተያዩም። ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም፤ ከጦርነቱ የተረፈ አንድ የአገር ልጅ «አምባ አራዳም ቀረ» ብሎ ነገራቸው፤ በዚያው ተስካሩ ወጣ። እምዬ ልጅ ሆና «አባባ የት ነው?» ባለች ቁጥር መልሱ ይኸው የአንድ ተራራ ስም ስለ ነበረ፣ አምባ አራዳም አባቶች የሚኖሩበት አገር ይመስላት እንደ ነበር ራሷ አጫውታኛለች። በእኛ ቤት ቃሉ ዛሬም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው።

ታዲያ አክስቴ ወደ ጣሊያን ልትሄድ ስትነሣ እምዬ አንድ ነገር ብቻ አለች አሉ፤ «ለእነሱ ልታጥቢ ነው?» ከዚያ ወዲያ ጣሊያን የሚል ስም፣ ሮማ የሚል ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አክስቴ «እዚያ ያለችው» ሆና ቀረች። እዚያ ያለችው በላከችው ገንዘብ የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ እምዬም የዓይኗን ሞራ አስገፍፋለች። ትመርቃታለች፤ ስልክም ትቀበላለች፤ ነገር ግን «ምን ዓይነት ቤት ነው ያለሽው? ከማን ጋር ነው የምትውይው?» ብላ አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። እኔ ልሰናበታት ብሄድም «አይተህ ትነግረኛለህ» አለችኝ እንጂ የምሄድበትን አገር በስሙ አልጠራችውም።

ሻንጣዬን የሞላችው እናቴ ናት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ ወጥቼ የሲኞራዋን ደጃፍ እንደ ረገጥኩ የሻንጣው ዚፕ ተተረተረ። የበርበሬው ከረጢት ፈነዳ። ያ የተወለወለ ነጭ እብነ በረድ ቀላ፤ እኔ አስነጥሳለሁ፣ አክስቴ ታስነጥሳለች፣ ቆሎው ሶፋ ሥር ይንከባለላል። በዚህ መካከል ሲኞራዋ በምርኩዟ ተደግፋ ከውስጥ ብቅ አለች። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሯ በወግ የተበጠረ፣ የእምዬ እኩያ የሆነች ሴት። አየችንና ከት ብላ ሳቀች። ከዚያም አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታ «ኬ አምባራዳን!» አለች።

ቆሎ ልለቅም ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ጣሊያንኛ አላውቅም፤ ይህን ቃል ግን አውቀዋለሁ። አክስቴን ቀና ብዬ ባያት ፊቷን አዙራ መጥረጊያ ትፈልጋለች፤ ወይም የምትፈልግ መስላለች።

ማታ ሲኞራዋ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ቡና ስታፈላልኝ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ምን ማለቷ ነው?»

«ምኑ?»

«አምባ አራዳም ያለችው።»

«አምባ አራዳም አላለችም፤ አምባራዳን ነው ያለችው» አለችና ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች። «ትርምስምስ ማለት ነው። ቤት ሲዝረከረክ፣ ዕቃ ሲተረማመስ፣ ሰው ሲንጫጫ እንደዚያ ይላሉ።»

«ከየት ያመጡት ቃል ነው?»

«ከየት ያመጡታል? ከዚያው ነዋ!»

ከዚያው ነው። የቋንቋ ሊቃውንቶቻቸውም የቃሉን መነሻ የሚያደርጉት ያንኑ የየካቲት 1928 ዓ.ም. ጦርነት ነው። የባዶሊዮ መድፍና አውሮፕላን ተራራውን ለቀናት ሲቀጠቅጠው፣ የሰናፍጭ ጋዝ ሲዘንብበት፣ የእኛ ሰዎች ሲያፈገፍጉ የሆነውን ሁሉ ወታደሮቹ አገራቸው ገብተው ሲያወሩት ውለው አድረው፣ ስሙ ከተራራነት ወረደና የተዝረከረከ ቤት ስም ሆነ። እምዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትጠራውን ስም፣ ሮማ ውስጥ እናት መጫወቻውን ለበተነ ልጇ ትለዋለች።

«መጀመሪያ ስሰማው ሌላ ሰው ቤት ነበርኩ» አለችኝ አክስቴ። «ሕፃን ልጅ ነው ያለው። በጥፊ ላጮለው ምን ቀረኝ! ከዚያ ዳቦ ሻጩ ሲል ሰማሁ፤ ቄሱ ሲል ሰማሁ፤ በቴሌቪዥን ሰማሁ። አንዳቸውም የተራራ ስም መሆኑን አያውቁም። ስንቱን በጥፊ ልመታ ነው?»

«ለሲኞራዋ ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

«በደኅና ጊዜዋ ነግሬያታለሁ። አያቴ እዚያ ነው የቀረው፤ እናቴ አባቷን ሳታይ ነው ያደገችው አልኳት። አስተማሪ ነበረች እኮ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልጅ ስታስተምር የኖረች ሰው ናት። ደነገጠች። ይህን ሁሉ ዘመን አፌ ላይ ሲመላለስ ከየት መጣህ ብዬው አላውቅም ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ከአፏ አልወጣም። አሁን አእምሮዋ ከከዳት አራት ዓመት ሆነው። የልጇ ስም ይጠፋታል። ቃሉ ግን ተመልሶ መጣላት። እንደገና ልንገራት? ዛሬ ብነግራት ታለቅሳለች፤ ነገ ትረሳዋለች። በየቀኑ እንዳዲስ ላስለቅሳት?»

መልስ አልነበረኝም። በልቤ ግን «ሠላሳ ዓመት ተገዝታ ለመደችው» አልኩ። ይህን በማሰቤ ዛሬ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ያሰብኩትን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በነጋታው ከተማይቱን ለማየት ወጣሁ። እንዲህ ያለ የገዛ ቃሉን በየሱቁ ተለጥፎ የሚያገኝበት አገር ሰው ምን ዓይነት እንግዳ ይባላል? ጎማ ቤቱ ላይ ጎሚስታ ይላል፤ አውቶቡሱ የሚቆምበት ፌርማታ ነው፤ የሚቆመውም በፍሬን ነው፤ የተቀደደችው ካልሲዬም በእነሱው ስም ትጠራለች። አዲስ አበባ ፒያሳና መርካቶ ስል ያደግሁ ልጅ፣ ፒያሳ ማለት ማንኛውም አደባባይ፣ መርካቶ ማለት ማንኛውም ገበያ መሆኑን ሳይ የሰፈሬን ስም የሰረቁብኝ መሰለኝ። ሌባው ማን እንደ ሆነ ግን እኔም አውቀዋለሁ። በቃል በኩልስ እኛም ብዙ ወስደናል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ዕረፍት ነው። ይዛኝ ወደ ቴርሚኒ፣ ወደ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ወሰደችኝ። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1879 ዓ.ም. ምጽዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በዚያ አደባባይ የእኛ ሴቶች ቆመው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ እንጀራ ዋጋ ያወራሉ። እኔም የታሪክ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ አንዷን «የዚህን አደባባይ ስም ትርጉም ያውቁታል?» ብላቸው «እናውቃለን፣ ልጄ፤ ታዲያ አውቶቡሱ የሚቆመው እዚህ ነዋ!» አሉኝ።

ከዚያው ጥቂት እልፍ ሲሉ ለዶጋሊ ሙታን የቆመው ሐውልት አለ። ድንጋዩ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው፤ የሌላ አገር ድንጋይ፣ በሌላ ሰው አገር ለሞቱ ሰዎች። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳ ያኖሩት ከዚህ እግር ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ተንበርክኮ ጸለየ፣ ከዚያም ጎራዴውን መዘዘ የሚባለው እዚህ ነው። ዘርዓይ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዳለ ሞተ፤ አንበሳው ወደ ለገሃር ተመልሷል። ሐውልቱ ሥር አንድ ውሻ ተኝቶ ነበር።

የአክሱም ሐውልት የነበረበትንም ስፍራ ሄጄ አየሁ። የሌለ ነገር ለማየት አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል። ከሰርከስ ማክሲመስ ጫፍ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ በተጀመረውና በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በገባበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ 24 ሜትር ቁመትና ወደ 160 ቶን ክብደት ያለው ድንጋያችን እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 ቆሞ ነበር። እንዲመልሱ በ1947ቱ የሰላም ውል ፈርመው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በ2005 ነው። አሁን በስፍራው መስከረም 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ላይ ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ አጠር ያሉ ናቸው። መኪናው ዙሪያውን ይከንፋል። ሄጄ የቆምኩበት ሰዓት ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፤ ባዶ ቦታ አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነገር ግን ሮማ ሰው ተቆጥቶ የሚዘልቅባት ከተማ አይደለችም። ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ፓንቴዎን የገባሁ ዕለት ዝናብ ነበር። ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ነው፤ ብረት የሚባል አልገባበትም፤ ግንበኞቹ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ እየወጡ ሲሄዱ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየደባለቁ በአፄ ሐድሪያን ዘመን የሠሩት ነው። መካከሉ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክፍት ዓይን አለው። በዚያ ዓይን ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ቀስ ብሎ፣ ተበታትኖ፣ ብርሃን እየመታው ይወርድና ወለሉ ላይ ያርፋል፤ በወለሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይሰርጋል። ሰው ሁሉ በክብ ዳር ዳሩን ቆሞ ያያል። የሚናገር የለም። እኔም አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ስንት ሰዓት እንደ ቆየሁ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎጃም ውስጥ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሣር ክዳኑ ቀዳዳ በኩል ብርሃን ሲገባ ካየሁ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ዞር ስል ትልቅ መቃብር አየሁ። ስሙን አነበብኩ፤ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ። የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመው፣ አድዋ ላይ ጦሩ የተሸነፈው፣ የእኛው ምኒልክ ባላጋራ! እዚያው፣ ያ ዝናብ በሚወርድበት፣ ራፋኤሎ ሠዓሊው በተቀበረበት ጣራ ሥር ተኝቷል። በዚያች ሰዓት ምን ማሰብ እንደሚገባኝ ለማሰብ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። እንደገና ቀና ብዬ ዝናቡን አየሁ።

የጽሑፍ ወዳጆች የሆናችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት 551 ደረጃ ቆጥሬ ወጥቼ ወደ ኋላ ቁልቁል ብመለከት፣ ከቫቲካን ግቢ ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በእግራቸውና በመርከብ እየመጡ የሚደርሱ መነኮሳት የሚያርፉበት ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ የእነሱን ዳዊት ሲደገም ሰምቶ፣ ቋንቋውን ከለዳውያን ነው ብሎ ተሳስቶ፣ ከእነሱው ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በእኛ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው፤ የታተመውም ሮማ ነው። ቀጥሎ የግራኝን ጦርነት ሸሽተው የመጡት የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ አታሚዎቹ ማንበብ አያውቁ፣ እኛ ማተም አናውቅ፣ ተደጋግፈን ሠራነው ዓይነት ነገር ነው የሚሉት። በዚች መጽሔት ላይ ፊደል ሲዘለል የምታማርሩ ሁሉ አባ ተስፋ ጽዮንን አስቡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልወርድ ብል ያለ ፈቃድ አይገባም ብለው መለሱኝ።

በስምንተኛው ቀን በእግሬ ወደ ላተራኖ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እብነ በረድ ተመለከትኩ። አምባ አራዳም መንገድ ይላል። አንብቤ ቆምኩ። ሆስፒታል አለ፤ አውቶቡስ ያልፋል፤ አንድ ሽማግሌ ከረጢት ይዞ ይሄዳል። በዚያ አካባቢ የተሠራው የምድር ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ሊጠራ ታስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የከተማው ምክር ቤት በጆርጆ ማሪንኮላ ስም ይሁን ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ማሪንኮላ እናቱ ሶማሊያዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እዚያው ሮማ የሕክምና ተማሪ የነበረና በ1945 ናዚዎች የገደሉት አርበኛ ነው። የመንገዱ ስም ግን ግድግዳው ላይ ነው፤ ደጋግሜ አነበብኩት። «አባባ የት ነው?» ላለች ልጅ የተሰጠው መልስ ይኸው አድራሻ ተጽፎለት አገኘሁት።

ያን ዕለት ማታ አክስቴ መድኃኒት ልትገዛ ወረደች። ሲኞራዋና እኔ ገበታ ላይ ነን። የሰበሰብኩትን ካርታና ወረቀት ዘርግቼ ሳይ ፈገግ ብላ ያንኑ ቃል አለች። እኔም ከመዝገበ ቃላት ለቃቅሜ ያጠናኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ «ኢል ኖኖ ዲ ሚያ ማድሬ ኤ ሞርቶ አድ አምባ አራዳም።» የእናቴ አያት አምባ አራዳም ሞተ ማለት ነው።

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። እጄን ያዘችና «ክዋንዶ?» አለች፤ መቼ? ልክ ትናንት የሞተ ያህል። ዓመቱን ልነግራት ብዬ «ትሬንታሴይ» አልኩ፤ ሠላሳ ስድስት። «ትሬንታሴይ አኒ!» አለች፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው! «እንዲህ በወጣትነቱ!» ብላ አለቀሰች። ላርማት ፈለግሁ፤ ቋንቋ የለኝም። ኋላ ሳስበው ደግሞ ምኑን ነበር የማርማት? ዕድሜው ስንት እንደ ነበር በእኛ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ሠላሳ ስድስት ሊሆንም ይችላል።

አክስቴ ስትመለስ እያለቀሰች አገኘቻት። ዞራ አየችኝ፤ ነገሩ ገባት፤ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ሌሊቱን ሲኞራዋ አልተኛችም። «ሰው ሞቶብኛል፤ ማን እንደ ሆነ ጠፋኝ» እያለች ትነሣለች። አክስቴ ታስተኛታለች፤ ተመልሳ ትነሣለች። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እስኪነጋ የአክስቴን ነጠላ ጫማ ድምፅ ስሰማ አደርኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሲኞራዋ ሁሉን ረስታዋለች። ሻንጣዬ ዙሪያ ልብሴ ተበትኖ ስታይ ሳቀችና «ኬ አምባራዳን!» አለችኝ። አክስቴ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች፤ እኔም አብሬያት አጠፍኩ። ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝና ስታቅፈኝ «ለእማዬ ምን ትነግራታለህ?» አለች። «እንጃ» አልኳት።

ደብረ ብርሃን ሄጄ እምዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ስለዚያ ጣራና ስለ ዝናቡ ነገርኳት፤ «ታዲያ ለምን አይደፍኑትም?» አለች። ስለ ዳዊቱ መታተም ስነግራት አማተበች። አክሱም የነበረበት ባዶ ቦታ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ስለ ቃሉ አልነገርኳትም፤ ስለ መንገዱም አልነገርኳትም። ከዚያ ዝም ብላ ቆየች፤ መቁጠሪያዋን እያንከባለለች።

«ያቺ ሴትዮ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ሌሊት ትተኛለች?»

«ማናት?» አልኳት፤ ያልገባኝ መስዬ።

«ልጄ የምትጠብቃት።»

«አንዳንድ ሌሊት አትተኛም፣ እምዬ።»

«እንግዲያማ ልጄም አትተኛ» አለች።